በግ የማይሞትበት በረት

ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት በግ እንኳ አልሞተችም። ወይንሸትን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። ጓደኛዋ እማዋይሽም ያለቻት ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሴቶች ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ባለችው የወይንሸት ግቢ ውስጥ፣ የጠዋት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ከምታርፍበት ጥግ ተቀምጠው ለሁዳዴ ምስር ይለቅማሉ። ፀሐዩ ላይ ሆነው እንኳ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም።

«በጎቼ አልሞቱም ብለሽ ልታለቅሺ ነው?» አለች እማዋይሽ። «አንቺ ሴት፣ ጡረታው ጭንቅላትሽን ነክቶታል።»

«በግ ይሞታል እማዋይሽ። ብርድ ይገድለዋል፣ የጉበት ትል ይገድለዋል፣ ቀበሮ ይወስደዋል፣ ገደል ይገባል። አያ ወልደ ሰንበት በሕይወት ሳሉ በዓመት ሁለትም ሦስትም ቆዳ ይልኩልኝ ነበር። ልጃቸው ከተተካ ወዲህ አንድ ቆዳ አላየሁም።»

«ልጁ ከአባቱ የበለጠ ጎበዝ ቢሆንስ?»

«ከአባቱ ሊበልጥ ይችላል። የአንኮበርን ብርድ ግን አይበልጥም።»

እማዋይሽ ሳቀችና አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወደ አጥሩ ወረወረች። ወይንሸት አልሳቀችም።

ወይንሸት ሠላሳ ዓመት ያህል የሠራችው በብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ መለያ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን ከመንዝም ከአንኮበርም በኬሻ ታጭቆ የሚመጣውን የበግ ጠጉር ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ጥሩውን ከመናኛው፣ ረጅሙን ከአጭሩ፣ ጥቁሩን ከዳማው ይለያሉ። ጠዋት ፊሽካው ሲነፋ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱት ሠራተኞች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ ያየ ሰው ያንን መልክ ዛሬም አይረሳውም። የወይንሸት እጅ ከሱፉ ቅባት የተነሣ ክረምት ከበጋ ለስላሳ ነበር። ዓይኗን ጨፍና አንድ ጭብጥ ጠጉር ብታሸው፣ በጉ የቆላ ይሁን የደጋ ትነግርህ ነበር።

ጡረታ ስትወጣ ወርኃዊው አበል ለመብራትና ለውሃ፣ ለዘይትና ለበርበሬ ብቻ የሚበቃ ሆነ። በሠራተኞቹ የቁጠባ ማኅበር ያጠራቀመችው ገንዘብ ግን በአንድ ጊዜ እጇ ገባ። አብረዋት ከወጡት አንዷ ለልጇ ባጃጅ ገዛች፤ ባጃጁም ዓመት ሳይሞላው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሌላይቱ ያን የመሰለ ሠርግ ደገሰች። እማዋይሽ ደግሞ ሱቅ ከፍታ ለሠፈሩ ሁሉ በዱቤ እየሰጠች ባዶ መደርደሪያ ታቅፋ ቀረች፤ እስከ ዛሬ ራሷ ትስቅበታለች። ወይንሸት ባል የላትም፣ ልጅ አልወለደችም። የምትደገፍበት ያ ገንዘብ ብቻ ስለ ነበር ማንንም አላማከረችም። ባንክ ቢቀመጥ የጤፍ ዋጋ ከወለዱ ቀድሞ እንደሚሮጥ ታውቃለች። ስለዚህ ሱፍ ሲያመጡ ከምታውቃቸው ገበሬዎች ሁሉ ቃላቸው የማይታጠፈውን፣ የአንኮበሩን አያ ወልደ ሰንበትን ፈልጋ ሄደች። ሽማግሌው ሃያ እናት በግ መርጠው ገዙላት፤ በጎቹንም በርቢ ተረከቧቸው።

ርቢ የቆየ የአገር ሥርዓት ነው። በጎቹ የባለቤቱ ናቸው፤ ጠባቂው ያሰማራል፣ ያሳድራል፣ ያስታምማል፤ የሚወለደውን ግን እኩል ይካፈላሉ። ፍጉና ጠጉሩ የጠባቂው ነው። በግ ሲሞት ደግሞ ጠባቂው ጆሮው ያልተለየውን ቆዳ ለባለቤቱ ያቀርባል፤ ግልገሉ ገና ሳለ የተደረገው ምልክት ጆሮው ላይ አለና። የወይንሸት ምልክት የግራ ጆሮ ጫፍ መሰንጠቅ ነበር።

ያን ቀን አያ ወልደ ሰንበት በረቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሏት።

«ስሚኝ ልጄ። እናቲቱን አትንኪያት። የምትወልደውን ብዪ፤ እሱንም ሁሉን አትብዪ። ሴት ሴቷ ትቆይ፣ ያረጀችውን ትተካ። ወንድ ወንዱን ውሰጂ። እንዲህ ካደረግሽ እኔም አንቺም እናልፋለን እንጂ በጎቹ አያልቁም።»

እሷም ይህን ሕግ አደረገችው። በዓመት አራት ጠቦት፦ ሁለቱ ለፋሲካ፣ ሁለቱ ለእንቁጣጣሽ። በበዓል ዋዜማ ደብረ ብርሃን ገበያ ሲሸጡ የዓመቱን እህሏን፣ የዕድሯን፣ የመድኃኒቷን ይሸፍናሉ። ጥሩ ዓመት መጥቶ ድርሻዋ ስድስት ጠቦት ሲደርስ እንኳ ከአራት አላለፈችም። ሰው ሲጠይቃት «አራት ለኔ በቂ ነው» ትል ነበር፤ በዚህም ትንሽ ትኮራ ነበር።

ሽማግሌው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ልጃቸው ገብረ ጻድቅ ተተካ። አራቱ ጠቦቶች በሰዓታቸው፣ በሚኒባስ ጣራ ላይ ታስረው መምጣታቸውን አላቋረጡም። ቆዳ መምጣቱ ግን ቆመ።

ጥርጣሬው በዚህ ብቻ ቢያቆም ኖሮ እማዋይሽ እንዳለችው በሳቅ ባለፈ ነበር። ባለፈው እንቁጣጣሽ ግን ጠቦቶቹ ከጣራ ሲወርዱ ወይንሸት እንደ ልማዷ ጣቷን ጠጉራቸው ውስጥ አስገባች፤ ወዲያው እጇን ሰበሰበች። ጠጉሩ አጭር፣ ደረቅ፣ ከሥሩ ልስላሴ የሌለው ነበር። የእሷ በጎች ጠጉር ጣትን ይውጣል። ይህ የቆላ በግ ነው። ጆሮውን ገልጣ አየች። ምልክቱስ አለ። ስንጥቁ ላይ ያለው ቁስል ግን ገና አልሻረም፤ የደረቀ ደም እንኳ ነበረበት። ዓመት ያለፈው ጠቦት ምልክቱ ትናንት ነው እንዴ የተደረገለት?

ለረዳቱ ሂሳቡን ከፍላ፣ ጠቦቶቹን ሸጣ፣ ለማንም ሳትናገር ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት የምታስበው አንድ ነገር ሆነ። ልጁ እናቶቹን አንድ በአንድ እየሸጠ ነው። ከሽያጩ ጥቂቱን ቆንጥሮ ከቆላ ገበያ ርካሽ ጠቦት እየገዛ ዝም ያሰኘኛል። እናቶቹ ያለቁ ዕለት ጠቦቱም ይቆማል። ያን ጊዜ እኔ ስንት ዓመቴ ይሆናል? ምን ልሠራስ እችላለሁ?

«ታዲያ ደውለሽ አትጠይቂውም?» አለች እማዋይሽ ምስሩን እያንጓለለች።

«ጠየቅኩት። ደህና ናቸው ይለኛል። ጠቅላላ ደህና። አንዲቷ እንኳ አታነክስም።»

«እንግዲያው ሂጂና እዪ።»

«እሄዳለሁ። ግን አልነግረውም።»

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ማክሰኞ ወይንሸት የአንኮበሩን ሚኒባስ ተሳፈረች። ጎረቤላ ከመድረሱ በፊት «ወራጅ አለ» ብላ ከአስፋልቱ ወረደች። ጉሙ ከቆላው እየተንከባለለ ወጥቶ ገደሉን ሞልቶታል፤ ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም። ይህ አመቻት። ሰው ሳያያት ጓሮው ድረስ ትደርሳለች ማለት ነው። ገበሬ ግን በጉምም ቢሆን ዓይን አለው። የገብረ ጻድቅ ሚስት ለተጊዮርጊስ ከፍግ ክምሩ አጠገብ ቀና ብላ ጥቁር ጥላዋንና ነጭ ጋቢዋን ከሩቅ ለየች።

«እንዴ! እትዬ ወይንሸት! ምነው ሳይደውሉ?»

«ኔትወርኩ እምቢ ብሎኝ ነው የኔ ልጅ።»

ለተጊዮርጊስ ሦስቴ ሳመቻት፣ ደግማ ሳመቻት፣ ወደ ቤት አስገባቻት፣ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችላት። ጤና ጠየቀች። የእማዋይሽን ጤና ጠየቀች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ጠየቀች። ሰው ይህን ያህል ሲጠይቅ የሚደብቀው አለው አለች ወይንሸት በሆዷ።

«በሶ ልበጥብጥልዎት?»

«ሰዓቱ አልደረሰም፤ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን። በጎቹ ወዴት ናቸው?»

«ከገብሬ ጋር ተሰማርተዋል። ሲመሽ ይገባሉ። አንቱ ይመሽብዎታል እንጂ…»

«አድራለሁ።»

 ለተጊዮርጊስ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «እሳት ጠፍቶብኛል፤ ከእነ ወለተሐና ጭሬ ልምጣ» ብላ ወጣች።

ወይንሸት ምድጃውን አየችው። ፍሙ ቀይ ነው፤ ጭሱም በሳሩ ክዳን መሐል ይወጣል። ጎረቤቷ ወለተሐና ደግሞ ከአጥር ማዶ ናት፤ ጮኸው የሚጠሯት ሴት። ለተጊዮርጊስ ግን እየተጣደፈች ሄደች፣ ቆየች፣ እሳት ሳትይዝ ተመለሰች። ወይንሸትም ስለ እሳቱ አልጠየቀቻትም። መደቡ ላይ ተቀምጣ የሴትየዋን እጆች ስታይ ዋለች፤ እጆቹ አንድ ሥራ ጀምረው አንድም አይጨርሱም ነበር።

ወደ ማታ ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል የጅራፍ ድምፅ ተሰማ። ወይንሸት ተነሥታ በረቱ በር ላይ ቆመች። ገብረ ጻድቅ ከመንጋው ኋላ መጣ። ሲያያት አልደነገጠም፤ እንደሚጠብቃት ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንኳን በደህና መጡ እትዬ። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

«በጎቼን ልይ ብዬ ነው።»

«ይዩአቸው እንጂ።»

በጎቹ ገቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጀርባቸው በጤዛ ርሶ፣ እየተጋፉ፣ እርስ በርስ እየተሸሸጉ። ገብረ ጻድቅ ከኋላ ይገፋቸዋል፤ ለተጊዮርጊስ ከጎኗ ቆማ ስለ ዘንድሮው በልግ ታወራለች። ጆሮ ለማየት ብርሃኑ አይበቃም። የራሱ የገብረ ጻድቅ በጎች ሌላው ጋጣ ገቡ። ወይንሸት የእሷ ናቸው የተባሉትን ቆጠረች፤ ሃያ ሞሉ።

 ከጓደኛዋ ሳቅ ይልቅ ይህ አሳፈራት። ውሸቴን ኖሯል፣ አለች። አርጅቻለሁ። የሰው ልጅ ስም አጥፍቼ፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ…

ያን ጊዜ ነው ግልገሎቹ የጮኹት።

በዚያ አገር ግልገል ቀን ከእናቱ ጋር አይሰማራም፤ ቤት ይውላል። ማታ እናቶች ሲገቡ ይለቀቅላቸዋል፤ በረቱ ሁሉ በጩኸት ይሞላል፣ እያንዳንዱ እናቱን ያገኛል፣ ተንበርክኮ ይጠባል። ለተጊዮርጊስ የቤቱን ግልገሎች ለቀቀች። ጥቂት ነበሩ። እየዘለሉ ወደ ጥጉ ሄዱ፤ ጥጉ ላይ የቆሙት በጎች አሸተቷቸው፣ አስጠጓቸው። የቀሩት በጎች ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከወለተሐና ቤት፣ የሌሎች ግልገሎች ጩኸት መጣ። በዚህ በኩል ያሉት እናቶች መለሱላቸው። እነዚያ ይጮኻሉ፣ እነዚህ ይጮኻሉ። አንዲት ጥቁር እናት በሩን የዘጋውን የእንጨት መረባረብ በደረቷ ገፋችው። ሌላዋ ተከተለቻት።

ገብረ ጻድቅ በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ። ሚስቱ ወሬዋን አቋረጠች። ማንም ማንንም አላየም።

ከማዶ የወለተሐና ድምፅ መጣ።

«ኧረ ገብሬ! ሴትየዋ ካየች መልስልኝ እንጂ! ግልገሎቼ አንጀታቸው ታጠፈ እኮ!»

ገብረ ጻድቅ መረባረቡን አነሣ። በጎቹ እንደ ጎርፍ ወጡ፣ አጥሩን ዞሩ፣ ጩኸቱም ጸጥ አለ። በረቱ ውስጥ ሰባት እናት በግ ቀረ።

ወይንሸት ገብታ አንድ በአንድ ጠጉራቸውን ያዘች። እነዚህ የእሷ ነበሩ። ሁለቱ አርጅተዋል፤ ጥርሳቸው ረግፏል።

«የቀሩት ወዴት ሄዱ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ሞቱ እትዬ።»

«ሞቱ? አንተ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ደህና ናቸው ስትለኝ?»

«አባቴ የሞቱ ዓመት በልጉ ቀረ። ሣር አልነበረም። በሰኔ ብርዱ ገባ፣ ትሉ ተነሣ። በአንድ ወር ዘጠኝ ወሰደብኝ፤ ከዚያ ወዲህም አራት ሞቱ። ከኔም የወሰደው አለ።»

«ቆዳቸውስ?»

«ሸጥኩት።»

«ቆዳውን ሸጥከው! አባትህ ጆሮው ያልተለየ ቆዳ ይዘው በእግራቸው ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ያውቃሉ። በእግራቸው! አንተ ስልክ አንሥተህ መንገር አቃተህ?»

«ደወልኩ።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ። ሐምሌ ላይ። አንቱ ቀደሙኝ። የቤቴን ክዳን ላስቀይር ነው፣ ቆርቆሮውን አዝዣለሁ፣ ዘንድሮ አራቱ እንዳይጎድሉብኝ አሉኝ። እንዲያ ሲሉኝ… የአባቴ ተዝካር እንኳ አልወጣም። አፌ ተያዘ።»

ወይንሸት ያንን ሐምሌ አስታወሰች። ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን፣ ዝናቡ በመኝታዋ ላይ ሲንጠባጠብ። ስልኩንም አስታወሰች። ልጁ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» ብሎ እንደ ነበርና እሷ «ቆይ እኔ ልጨርስ» እንዳለች፣ ከዚያም የልጁ ካርድ እንዳለቀ።

«ታዲያ አራቱን ከየት አመጣህ?»

«ያን ዓመት ከድርሻዎ የተረፈው ወንድ ሁለት ነበር። ሴት ግልገሎቹን ቆላ፣ አልዩ አምባ ገበያ አውርጄ ሸጥኩና ሁለት የቆላ ጠቦት ገዛሁ። በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ። ዘንድሮም።»

«ሴት ግልገሎቹን?» አለች ወይንሸት። «እናቶቹን የሚተኩትን?»

«አንቱ አራት አሉ። እኔ አራት አመጣሁ።»

ያን ጊዜ ለተጊዮርጊስ ፈነዳች። እስካሁን ከበሩ አጠገብ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

«እውነቱን ንገራቸው እንጂ! አምና ከላክህላቸው ሁለቱ የማን ነበሩ? እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝን ሁለት ጠቦት ነው ይኸ ሰው ነድቶ ያስጫነልዎት! የተበደልኩስ እኔ ነኝ! ለእትዬ፣ ለእትዬ እያለ ቤቴን ባዶ አደረገው፣ ደግሞ ዛሬ ሌባ ልባል ነው?»

«አንቺ ዝም በይ።»

«አልልም! እሳት ልጫር ብዬ የዋሸሁት ማንን ብዬ ነው?»

«እሱን እንኳ አውቄብሽ ነበር» አለች ወይንሸት። «ጣራሽ ይጨስ ነበር።»

ለተጊዮርጊስ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና በዚያው ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌሎቹ ሁለቱ አልሳቁም።

ቤት ገቡ። በሶው ተበጠበጠ፣ ቆሎ ቀረበ። ወይንሸት አንድ ጉርሻ እንኳ አልወረደላትም። የምትሰማውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ትመዝነው ነበር። ሞቱ ይላል፤ ቢሸጣቸውስ? የሚስቱ ጠቦቶች ይላሉ፤ ባልና ሚስት ተመካክረው ቢሆንስ? በግ ያዋሰች ጎረቤት ምን አትመሰክርም?

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው። «ለኔ ብለህ ነው አትበለኝ፤ አላምንህም። ከኪስህ እያወጣህ ሦስት ዓመት የደበቅኸው ለምንድን ነው?»

ገብረ ጻድቅ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ፍጉ ነው» አለ። «የላይኛው መሬት ያለ ፍግ ገብስ አይሰጥም፤ ማዳበሪያውን ደግሞ ዋጋውን ያውቁታል። ሞቱ ካልኩ ቀሪዎቹን ነቅለው ይወስዱብኛል አልኩ። ለሌላ ጠባቂ ይሰጡብኛል፣ አገሩም የአባቱን አደራ በላ ይለኛል። ሰባት በግም ቢሆን ፍግ ፍግ ነው።»

ከተናገረው ሁሉ ያመነችው ይህን ነው። ለራሱ ሲል የተናገረው ስለ ነበር።

ያን ሌሊት መደቡ ላይ ጋደም ብላ አሰበች። ስትመጣ በልቧ የቆረጠችው ካጭበረበረኝ ነቅዬ እወስዳለሁ ብላ ነበር። እሺ፣ ሰባቱን ነቅላ ለፋሲካ ብትሸጣቸው ዓመት ከመንፈቅ ትኖርባቸዋለች። ከዚያስ? ከዚያ ያለው ባዶ በረት ነው። ሌላም ነገር መጣባት፤ ይኸኛው ከሌባ ይልቅ አሳመማት። አራት ለኔ በቂ ነው ስትል የኖረችው በጎቹን ጠይቃ አልነበረም። በልጉ በዘነበበት ዓመት አራት፣ በልጉ በቀረበት ዓመት አራት። ሽማግሌው የምትወልደውን ብዪ እንጂ አራት ብዪ አላሏትም። አራትን ያመጣችው ራሷ ናት። ልጁ ዋሽቷታል፤ ደብቋታል፤ የሸጣቸው ግልገሎች ግን እሷ አራት ባትል ኖሮ አይሸጡም ነበር። ሦስት ዓመት በቆርቆሮዋ ሥር ተኝታ የበላችው የነገዎቹን እናቶች ነው።

ጠዋት ገብረ ጻድቅ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። 

«ዘንድሮ አንድም አልወስድም» አለች እሷ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ስትሰበስብ።

ቆመ። «ለፋሲካስ?»

«ለፋሲካም። ሴት የተባለች አትሸጥ፤ የኔ ድርሻ ብትሆን፣ ያንተም ብትሆን፣ በረቱ እስኪሞላ። ከዚያ በኋላ ከድርሻዬ ሦስት ወንድ ሲያድግ አንዱን እወስዳለሁ። ሁለት ብቻ ካደገ አልወስድም። ከመጣም ይመጣል፣ ካልመጣም ይቀራል።»

«በምን ይኖራሉ ታዲያ?»

«የፊት ክፍሌን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራያለሁ። ጫጫታ አልወድም ብዬ ነበር የተውኩት። እወደዋለሁ።» ደግሞ ጨመረች፤ «የሚስትህን ሁለት ጠቦት እመልሳለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ወንዶች።»

«ግድ የለም እትዬ።»

«ላንተ አላልኩም። ለእሷ ነው ያልኩት።»

ገብረ ጻድቅ ፈገግ አለ፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ወይንሸት ፈገግታውን አልወደደችውም። እንዲህ ቶሎ ፈገግ ይባላል? ሸክም የወረደለት ሰው ፈገግታ ነው ወይስ ሞኝ ያገኘ ሰው?

ሚኒባሱ ከጎረቤላ በኩል መጣ። ተሳፈረች፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ገብረ ጻድቅ እጁን አነሣ፣ ጉሙ ዋጠው። መኪናው አንድ መታጠፊያ ዞረ፣ ሁለተኛውን ዞረ። ሰባቱ አሉ ብዬ ሄድኩ፣ አለች በልቧ። አሁን እኔ የለሁም። ዛሬ ደግሞ አልዩ አምባ ገበያ ቢሆንስ? ፋሲካ ደርሷል፣ በግ ተወዷል። ሴትየዋ ተሸኝታለች፤ እስከ ዓመት አትመለስም ቢልስ?

«ወራጅ አለ!» አለች።

ረዳቱ ዞረ። «እማማ፣ አሁን አይደል የተሳፈሩት?»

«ወራጅ አለ አልኩህ እኮ! ልዝለል?»

ሂሳቧን አልጠየቃትም። መንገዱን ትታ በጓሮ በኩል፣ በገብሱ ማሳ ጠርዝ ላይ ቁልቁል ተመለሰች። ጫማዋ ጭቃ ያዘ፣ የቀሚሷ ጫፍ ረጠበ። ከአጋም ቁጥቋጦ ኋላ ቆማ ትንፋሿን ዋጠች። የሰው ድምፅ ትሰማለች፤ የለተጊዮርጊስ ነው፤ እየሳቀች ነው። በማን ነው የምትስቀው?

ገብረ ጻድቅ የእሷን ሰባት ከሌላው መንጋ ነጥሎ የላይኛው መሬት ላይ ያቆማቸዋል። ቆጠረች። ሰባት። ደግማ ቆጠረች። አንዷ አሮጊት ተኝታለች፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ጥርሷን ያያል። ወይንሸት ደረቅ ጭራሮ ረገጠች፤ ቀጭ አለ።

ገብረ ጻድቅ ሳይዞር «ቁጥቋጦው እሾህ አለው እትዬ፤ በዚህ በኩል ይውጡ» አለ።

ቆማ ቀረች። «እንዴት አወቅህ?»

«እኔ አላወቅኩም። ለተጊዮርጊስ ናት። አስፋልት ሳይደርሱ ይመለሳሉ አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ከሁለተኛው መታጠፊያ አልኩ። ተወራርደን ነበር።» አሮጊቷን በግ አቅፎ አቆማት። «ገብተው ይጠብቁኝ፤ ሹሮ ሠርታለች። አንቱ ከቤት ሲወጡ ለሦስት ሰው ነው የጣደችው።»

ወይንሸት ቀሚሷን ከእሾሁ አላቀቀች።

«ገብቼ አልጠብቅም» አለች ወደ በጎቹ እየወጣች። «እዚሁ ካንተ ጋር እውላለሁ።»